የቅርብ ጎረቤት ይሂድ

ኩራተኛ ናት ይሉኛል፤ አልዋሹም። አባቴ አርቪድ ትቬት ሱፒሪየር ሐይቅ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ አርባ ዓመት የሞላው ሰው ነው። እኔ ራግና ደግሞ የእሱ አንድ ልጅ ነኝ፤ በሺንግል ቤይ የሕዝብ ሬዲዮ ላይ ስናገር በሐይቁ ዳር ካሉት መቶ አርባ ሦስት ቤቶች ድምፄን የማይለይ የለም። እንዲህ ያለ ሰው ካልኮራ ማን ይኩራ?

ከሁሉ በላይ የምኮራው ግን በገና ዋዜማው ጥሪ ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ከኮረብታው ጀርባ ስትገባ፣ ማይክራፎኑ ፊት እቀመጥና በዳርቻው ያለውን እያንዳንዱን ቤት በመንገዱ ቅደም ተከተል በስም እጠራለሁ። የተጠራው ቤት የበረንዳውን መብራት ያበራል። በቃ፣ ይኸው ነው። መዝሙር የለው፣ ስብከት የለው። በዓመቱ ሰው የሞተበት ቤት ከሆነ የሟቹ ስም ለመጨረሻ ጊዜ አብሮ ይጠራል። የተጠራ ቤት ሳይበራ ከቀረ ስሙን ሦስት ጊዜ እደግምና «የቅርብ ጎረቤት ይሂድ» እላለሁ። ጎረቤትየው ቢጣላም ቢኳረፍም ካፖርቱን ደርቦ መሄድ ግዴታው ነው። ደርሶ እስኪደውልልንም ጥሪው አይቀጥልም። ልማዱ የተጀመረው አንዲት ብቻዋን የምትኖር ሴት በገና ሰሞን ወድቃ፣ እግሯ ተሰብሮ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሳያያት ከቆየች ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ስልሳ አንድ ገና አለፈ። አንድም ዓመት አልተቋረጠም።

አዲስ ቤት መጠራት ከፈለገ በገዛ እጁ ጽፎ፣ በፖስታ አሽጎ፣ ከጀርባው «ለጥሪው» ብሎ ይልካል። ፖስታው የሚከፈተው እዚያው ማይክራፎኑ ፊት ነው። ድሮ አንዱ ጠሪ ያኮረፈውን ሰው ደብዳቤ «ጠፋብኝ» ብሎ ስላስቀረ የወጣ ሕግ ነው፤ እኛ ዘንድ ቂም አይረሳም፣ ሕጉም እንደዚያው።

ዘንድሮ ይህ ሁሉ ሊቀር ነበር። ሊያስቀረው የነበረው ደግሞ የምወደው ሰው ነው።

ዌስሊ ክራንዳል የበጋ ሰው ነው። የበጋ ሰው የምንለው በረዶው ሲቀልጥ መጥቶ ቅጠል ሲረግፍ የሚሄደውን ነው። አሥራ አራት መስኮት ያለው የቤተሰቡ ቤት ከእኛ ቤት አጠገብ፣ ወደ ሐይቁ ሾልኮ በገባው ድንጋያማ መሬት ላይ ቆሟል። ቦታውን «ጫፉ» እንለዋለን። በጥሪው ላይ ስሙ ተነሥቶ አያውቅም፤ ከሃልስተኖች ቀጥሎ በቀጥታ ወደ እኛ እዘላለሁ። አባቴማ የባሰ ነው። የአያቱ የመረብ ጎጆ የነበረው እዚያ ላይ ነው። የዌስሊ አያት ቦታውን ገዝቶ ጎጆውን ካፈረሰው ጀምሮ አባቴ ጫፉን በእግሩ አልረገጠም፤ በጀልባ እንኳን ዞሮት ነው የሚያልፈው።

ዌስሊን የላከው በከተማው ያለው ዋናው ጣቢያ ነው። የትናንሽ ጣቢያዎችን የበዓል ዝግጅት እንዲያይ ነበር የመጣው። ለሁለት ሳምንት መጥቶ ሦስት ወር ቆየ። ከስቱዲዮው መስታወት ማዶ ተቀምጦ ያየኝ ነበር። የሐይቁን ነፋስና ማዕበል ትንበያ ሳነብ፣ የፍቅር ደብዳቤ እንደሚነበብለት ሰው ነው የሚያዳምጠኝ። ቅጠሉ ረግፎ ሳያልቅ እጄን ያዘኝ። እኔም አልነጠቅኩትም።

ደብዳቤው ከከተማ የደረሰን ገና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ማርሊስ አነበቡልኝ። ማርሊስ የጣቢያችን ቴክኒሻን ናቸው፤ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሽቦ ይወዳሉ፣ ሰው ግን እንደ ሁኔታው ነው።

«በገና ዋዜማ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሁሉም ጣቢያዎች ከከተማው የሚተላለፈውን የመዘምራን ዝግጅት ያሰማሉ» አሉና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት። «ፊርማውን ደግሞ አንቺ ራስሽ እዪው።»

አየሁት። ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ።

ዌስሊ ሲገባ ወረቀቱን ፊቱ ላይ ዘረጋሁለት።

«ይሄ ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው» አለ። ቀለሙ ጠፋ። «ራግና፣ የፈረምኩት ወደዚህ ሳልመጣ ነው። ለሃያ ጣቢያ የተጻፈ አንድ ወረቀት ነበር። ጥሪ የሚባል ነገር መኖሩን እንኳን አላውቅም ነበር።»

«ከመጣህስ በኋላ? ሦስት ወር ሙሉ ስለ ጥሪው ስለፈልፍልህ ‹እኔ እኮ ይህን ነገር ሰርዤዋለሁ› ለማለት አፍህን ምን ያዘው?»

«ረስቼው ነበር።»

እውነቱን ነበር፤ ዓይኑ ውስጥ አየሁት። ውሸት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ለውሸት እኮ ቢያንስ ሰው ይደክምለታል።

«ረሳኸው» አልኩት። «የበጋ ሰው እንዲህ ነው። ቤቱን ቆልፎ፣ መብራቱን አጥፍቶ፣ ረስቶን ይሄዳል።»

«አስተካክለዋለሁ። ዛሬውኑ ወደ ከተማ እሄዳለሁ።»

«አትድከም። ከእናንተ በፊት ነበርን፤ ያለ እናንተም እንኖራለን።»

«ራግና፣ እኔን አታዪኝም?»

«ሥራ ላይ ነኝ» አልኩ፤ የያዝኩት ወረቀት ባዶ ነበር። ከመስታወቱ ማዶ ትንሽ ቆሞ ጠበቀኝ። ቀና ብል ኖሮ ይቀር ነበር። አላልኩም።

በማግስቱ አባቴን በመረብ ቤቱ ውስጥ አገኘሁት። ከመረቡ ላይ ዓሣ ይለቅማል፤ ጣቶቹ በብርዱ ቀልተዋል። አጠገቡ ቆሜ መልቀም ጀመርኩ።

«የጫፉ ጌታ ምን አለ?» አለኝ።

«ወደ ከተማ ሄደ።»

«ሄደ? ገና ሐይቁ እንኳን በረዶ ሳይሆን? እኔ እስከ ጥር የሚቆይ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ያለ ልኩ አክብሬው ኖሯል።»

«አባዬ፣ ዛሬ ተወኝ በቃ።»

አንድ ዓሣ አንሥቶ ሳጥን ውስጥ ጣለ፤ ሌላ ደገመ። ከዚያ ሳያየኝ ተናገረ።

«እናትሽ በሞተችበት ዓመት ስሟን ስትጠሪ ድምፅሽ አልተሰበረም። እኔ በረንዳው ላይ ነበርኩ። መብራቱን መጫን አቃተኝ። ሁለተኛ ጠራሻት፤ አሁንም አቃተኝ። በሦስተኛው ተጫንኩት። ዳርቻው ሁሉ ጠበቀኝ፤ ማንም ምን ሆንክ አላለኝም።» እጁን በሱሪው ጠረገ። «ከከተማ የሚመጣ ዘፈን ማንንም አይጠብቅም። ጥሪውን እንዳትተዪው፣ ልጄ።»

«አልተወውም።»

«ሰውየውን ተዪው፣ ጥሪውን አትተዪ።»

ለሁለተኛው ብቻ እሺ አልኩ። የመጀመሪያውን እንዳልሰማ አለፍኩት።

በአሥረኛው ቀን ከጫፉ ቤት ጭስ ሲወጣ አየሁ። ተመልሷል። በበነጋው ጠረጴዛዬ ላይ ፖስታ ጠበቀኝ። «አንድ ረጅም ሰው ጥሎት ሄደ» አሉ ማርሊስ፣ ማን እንደሆነ እንደማያውቅ ሰው። በዌስሊ ጽሕፈት «ራግና ትቬት» ይላል። ይቅርታ መስሎኝ ነበር። ይቅርታ ደግሞ በእግር ነው የሚመጣው እንጂ በወረቀት አይደለም ብዬ፣ ጀርባውን እንኳን ሳላገላብጥ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። በየቀኑ መሳቢያውን እከፍታለሁ፤ አየዋለሁ፤ እዘጋዋለሁ። ደወለ፣ አላነሳሁም። ከቤታችን እስከ ጫፉ ሦስት መቶ እርምጃ ነው። በልጅነቴ ቆጥሬዋለሁ። ሦስት መቶ እርምጃ መራመድ አቃተኝ፤ በየምሽቱ በመስኮት ጭሱን እያየሁ ስቆም በራሴ አፈርኩ።

ማርሊስና እኔ የከተማውን ትእዛዝ ላለመቀበል ከወሰንን ሰንብተናል። ከሥራ ቢያባርሩኝም ጥሪው ይጠራል። አንድ ችግር ብቻ ነበር። የከተማው ዝግጅት በራሱ ጊዜ ኮረብታው ላይ ወዳለው ማሰራጫችን ይመጣል። እሱን ከልክሎ የእኛን መስመር የሚይዝ ሰው እዚያ ጎጆ ውስጥ፣ እጁን ከማብሪያው ላይ ሳያነሳ፣ ጥሪው እስኪያልቅ መቀመጥ አለበት። የማርሊስ ጉልበት ደግሞ ያን ኮረብታ አይወጣም።

«ሰው አግኝቻለሁ» አሉኝ በዋዜማው ጠዋት።

«ማን?»

«ሁለት ጤነኛ ጉልበት ያለው ሰው። ሌላውን አትጠይቂኝ፤ አንቺ ስሞቹን አስተካክለሽ ጥሪ።»

አሥር ሰዓት ሆነ። ቀይዋ መብራት በራች።

«ይህ ሺንግል ቤይ ነው» አልኩ። «ስልሳ ሁለተኛው ጥሪ ነው። በየበረንዳችሁ ቁሙ።»

ከደቡብ ጀመርኩ። ኦርደል፣ ማቲልዳና ልጆቿ። በራ። ቢየርክ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች። በራ። የስቱዲዮው መስኮት የባሕረ ሰላጤውን ዙሪያ ሁሉ ያሳየኛል፤ ስም ከአፌ በወጣ ቁጥር አንድ ብርሃን በጨለማው ውስጥ ይወለዳል። በዓለም ላይ ስንት ትልልቅ ጣቢያ አለ! በአንድ ስም አንድ ቤት የሚያበራ ግን ማን አለ? ደረቴ በኩራት ሞላ፤ ድምፄም ያስታውቅ ነበር።

«ሃልስተን፣ በርታ። ዘንድሮ የሞተው ባለቤቷ ሃልስተን፣ ክነት።» ትንሽ ቆየ። ከዚያ በራ።

ልቀጥል አፌን ስከፍት ማርሊስ በቀስታ ገቡ። ባትሪ ፍለጋ መሳቢያዬን ከፍተው ኖሯል። ማይክራፎኑ ክፍት ስለሆነ አልተናገሩም። ፖስታውን ፊቴ አስቀመጡ፣ ገለበጡትና በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

ጀርባው ላይ «ለጥሪው» ይላል።

ይቅርታ አልነበረም። ፍቅሬን የሚለማመጥ ደብዳቤም አልነበረም። ጎረቤት ለመሆን የቀረበ ጥያቄ ነበር፤ እኔም በሕግ እንዳስቀረው የማይፈቀድልኝን ደብዳቤ፣ እንደዚያ እንደ ድሮው ጠሪ፣ በኩርፊያ ደብቄው ከርሜያለሁ። ፊቴ ነደደ።

«አዲስ ቤት አለን» አልኩ። ፖስታውን ስቀድ ድምፁ በዳርቻው ሁሉ ተሰማ። እንደተጻፈው አነበብኩት።

«የቤቱ ስም፣ ጫፉ። የሚኖርበት፣ ዌስሊ ክራንዳል፣ አንድ ሰው። የሚቆየው፣ ዓመቱን ሙሉ። ይህ ቤት የበረንዳ መብራት አልነበረውም። ለበጋ የተሠራ ስለሆነ ያስፈልገዋል ብሎ ያሰበ የለም። እኔም ብዙ ነገር ሳላስብ ኖሬያለሁ። ከተማ ሄጄ ፊርማዬን ልሰርዝ ብል እምቢ አሉኝ፤ ሥራውን ትቼ መጣሁ። መብራቱን ራሴ ገጥሜዋለሁ። ከጠራችሁኝ አበራለሁ። ባትጠሩኝም ጎረቤታችሁ ነኝ።»

እንባዬን ዋጥኩት። ጠሪ አያለቅስም።

«ክራንዳል፣ ዌስሊ» አልኩ።

ጫፉ ጨለማ ነበር።

«ክራንዳል፣ ዌስሊ።»

ምንም የለም። በጭስ ማውጫው ጭስ እንኳን አይታይም። ድንጋዩ በረዶ ለብሷል፤ ሐይቁ ከሥሩ ነው። ሰው እዚያ ቢንሸራተት ማን ይሰማዋል?

«ክራንዳል፣ ዌስሊ» አልኩ ለሦስተኛ ጊዜ፤ እናቴን ስጠራ ያልተሰበረው ድምፄ ተሰበረ። ዳርቻው ሁሉ ሰማው፤ ይስማው። እወደዋለሁ። ሦስት መቶ እርምጃ ሳልራመድለት ወድቆ ከሆነ ኩራቴን ምን ላደርገው ነው?

«የቅርብ ጎረቤት ይሂድ።»

የጫፉ የቅርብ ጎረቤት ማን እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። አባቴ ነው።

ሬዲዮው ዝም አለ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ ከቤታችን በር የእጅ ባትሪ ብርሃን ወጣ። በበረዶው ላይ እየተወዛወዘ ሄዶ ድንበሩ ጋ፣ የቅድመ አያቴ ጎጆ መሠረት ካለበት ድንጋይ ላይ ሲደርስ ቆመ። በጣም ረጅም ጊዜ ቆመ። ማርሊስ ትከሻዬን ያዙ። ብርሃኑ ተሻገረ።

አባቴን በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ አድርጌ ወድጄው አላውቅም።

ትንሽ ቆይቶ የጫፉ በረንዳ ቦግ አለ። ስልኩ ጮኸ፤ ማርሊስ ወደ አየር አስገቡት።

«አርቪድ ነኝ።»

«አባዬ! እሱስ?»

«አትደንግጪ፤ ቤቱ ባዶ ነው። ዱካው ወደ ኮረብታው ነው የሚወጣው፣ ወደ ማሰራጫው። ይህን ሬዲዮሽን ይዞልሽ የተቀመጠው እሱ ሳይሆን አይቀርም።»

ዞሬ ማርሊስን አየኋቸው። እሳቸው ጣሪያውን ይመለከታሉ።

ስልኩን ስላላነሳሁለት አትጠራኝም ብሎ፣ እኔን ለማሰማት ኮረብታ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

«መብራቱንስ ማን አበራው?»

«እኔ ነኛ! የተጠራ ቤት ጨለማ ይደር እንዴ?» ጉሮሮውን ጠረገ። «አገጣጠሙ ጠማማ ነው። የከተማ እጅ እንደሆነ ያስታውቃል። ግን ይሠራል።»

«በል እንግዲህ ወደ ቤት ተመለስ፤ ቀጥለን የምንጠራው እኛ ነን።»

«አልመለስም።»

«ምን አልክ?»

«ወንበሩ ለስላሳ ነው፤ እኔም ደክሞኛል። እዚሁ አረፍ ብያለሁ።» ድምፁ ለሰለሰ። «ራግና፣ ልጄ፣ ሥራሽን ሥሪ። ቀጣዩን ቤት ጥሪ።»

ዘጋው። አባቴ ብዙ አይናገርም። የፈለግኩትን ግን ሰጥቶኝ ነው የዘጋው።

«ትቬት» አልኩ። «አርቪድና ራግና።»

ቤታችን ጨለማ ነው። የሚያበራው የለም፤ አንዱ በጎረቤት ወንበር ላይ ተንፈላሷል፣ አንዷ እዚህ ናት። ሁለተኛ ጠራሁ። ሦስተኛ ጠራሁ። የቤታችን የቅርብ ጎረቤት ደግሞ ማን እንደሆነ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዳርቻው ሁሉ ያውቃል። አጠገቤ ማርሊስ መሳቅ ጀምረዋል።

«የቅርብ ጎረቤት ይሂድ» አልኩ። ቃሉን ለስልሳ ሁለት ዓመት ብዙ ሰው ብሎታል፤ እንደ እኔ አድርጎ ያለው ግን ያለ አይመስለኝም። «ጎረቤታችን ግን አሁን ሥራ ላይ ነው። እጁን ካነሳ ጥሪው ይቋረጣል። ስለዚህ ይጨርስና ይምጣ። ቤታችን እስኪመጣ ድረስ ይጠብቀዋል። እኔም እጠብቀዋለሁ።»

በጥሪው ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨለማ ቤት ትቼ ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ሕግ አፈረስኩ፤ ማንም ደውሎ አልተቆጣኝም። የቀሩትን ስሞች ስጠራ፣ በብርሃኑ መሐል እንደ ወለቀ ጥርስ ጨለማ ሆና የቆመችው ቤታችን ከመስኮቱ ትታየኝ ነበር። ዓይኔን ከእሷ አላነሳሁም።

የመጨረሻው ቤት አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ በራ።

«መቶ አርባ አራት ቤት ተጠርቷል» አልኩ። «መቶ አርባ ሦስቱ በርቷል። መልካም ገና።»

ለጥቂት ጊዜ ፀጥ አለ። ከዚያ በድንገት የከተማው መዘምራን ከመዝሙራቸው መሐል ጀምረው በድምፅ ማጉያው ተዥጎደጎዱ።

«ለቀቀው» አሉ ማርሊስ። «እየሮጠ ነው።»

በመስኮቱ ቆምን። እውነት ለመናገር መዝሙሩ ያምር ነበር፤ እንዲህ ብዬ ለከተማው ግን አልናገርም። አንዲት የባትሪ ብርሃን ከኮረብታው እየተንደረደረች ወረደች። አንዴ ወደቀች፤ ተነሣች። የጫፉ በረንዳ በርቶ ይጠብቃታል። መታጠፊያው ጋ ደርሳ ወደዚያ አልታጠፈችም። ቀጥታ ወደ እኛ ቤት ሄደች።

የበረንዳችን መብራት በራ።

ኩራተኛ ናት ይሉኛል። ካፖርቴን እንኳን ሳልደርብ ሮጥኩ።